«አለፈ» ያለው ማን ነው? በሲ እና በፓይተን መካከል ስለሚቆመው አስተርጓሚ

አንድ ፕሮግራም ጽፋችኋል እንበል። ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጡ 200 ፍተሻዎችም አዘጋጅታችኋል። ማታ አስጀምራችሁ ትተኛላችሁ። ጠዋት ስትነሡ ስክሪኑ ላይ «200 ፍተሻ፣ 200 አለፈ» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ይጠብቃችኋል። ደስ ይላል አይደል?

ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። «አለፈ» ያላችሁ ማን ነው?

ፍተሻዎቹን የጻፋችሁት በፓይተን ነው። ትእዛዙን ተቀብሎ ሥራውን የሚያስፈጽመው ሞተር ግን ብዙ ጊዜ በሲ የተጻፈ ነው። ሁለቱ በቀጥታ አይግባቡም። ቁጥርን፣ ጽሑፍን፣ ሜሞሪን፣ ስህተትን የሚይዙበት መንገድ ለየቅል ነው። ስለዚህ በመካከላቸው የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርስ ቁራጭ ኮድ ይቆማል። ፕሮግራመሮች ባይንዲንግ ይሉታል። እኛ እዚህ አስተርጓሚ እያልን እንጠራዋለን። (የፓይተንን ኮድ የሚያስኬደውንም ፕሮግራም አንዳንዶች አስተርጓሚ ይሉታል፤ የምናወራው ስለ እሱ አይደለም።)

ፍርድ ቤት ውስጥ የሚሠራ አስተርጓሚን አስቡ። ምስክሩ «አላየሁም» ብሎ አስተርጓሚው «አየሁ» ብሎ ቢያስተላልፍ፣ ዳኛው የቱንም ያህል ሐቀኛ ቢሆን ፍርዱ ይጣመማል። ችሎቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። የፍተሻ ባይንዲንግም እንደዚያው ነው። ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ባይንዲንግ ሲሳሳት አንድ ነገር ይበላሽና ይታወቃል። ፍተሻ ውስጥ ያለው ሲሳሳት ግን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው አረንጓዴ ጽሑፍ ነው።

ለምን ሁለት ቋንቋ?

«ሁሉንም በፓይተን ብንጽፈውስ?» የሚል ጥያቄ ሳይመጣባችሁ አይቀርም። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ሲን ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ ቤል ላብስ ውስጥ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1972 ገደማ ነው። ከማሽኑ ጋር ተጠግቶ የሚሠራ፣ ፈጣን፣ ደግሞም በየትኛውም ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ማለት ይቻላል የሚገኝ ቋንቋ ነው። ብዙ ዓይነት ማሽኖችን የሚፈትሽ መሣሪያ ስትሠሩ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሲ የተጻፈን ሞተር ከትልቅ ሰርቨር እስከ ትንሽ መሣሪያ ድረስ መውሰድ ይቻላል።

ችግሩ ፍተሻ በየቀኑ የሚለዋወጥ ነገር መሆኑ ነው። ዛሬ አንድ መስመር ትጨምራላችሁ፣ ነገ ሁለት ትቀንሳላችሁ። በእያንዳንዱ ለውጥ ኮምፓይል ማድረግ፣ ሜሞሪ በእጅ መያዝ፣ በእጅ መልቀቅ ያሰለቻል። ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረገው ፓይተን እና መሰሎቹ የስክሪፕት ቋንቋዎች ይህን ሸክም ያቃልላሉ። ጻፍ፣ አስኪድ፣ በቃ።

ከባዱን ሥራ በሲ፣ ትእዛዙን በስክሪፕት የማድረግ ሐሳብ ቆየት ያለ ነው። ጆን ኦስተርሃውት እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ቲክል የተባለውን ቋንቋ መሥራት የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነበር። እሱና ባልደረቦቹ የኤሌክትሮኒክ ቺፕ መንደፊያ ፕሮግራሞችን ይሠሩ ነበር፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱ ደካማ የትእዛዝ ቋንቋ ነበረው። ኦስተርሃውት «አንድ ጥሩ ቋንቋ ሠርተን ሁሉም ሲ ፕሮግራም ውስጥ ብንሰካውስ?» በሚል መንፈስ ተነሣ። ሉአ፣ ፐርል እና ፓይተንም ከሲ ጋር የሚገናኙበት የየራሳቸው በር አላቸው።

ሰባት ለሦስት

እውነተኛ ምሳሌ እንያዝ። ስታፍ የተባለ የፍተሻ ማዕቀፍ አለ። አይቢኤም ሠርቶት ኋላ ምንጩን ክፍት ያደረገው ነው። በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ስታፍፕሮክ የሚባል ፕሮግራም ከበስተጀርባ ይሠራል። የእናንተ ስክሪፕት «እዚያ ማሽን ላይ ይህን ፕሮግራም አስጀምር»፣ «ይህን ፋይል ቅዳ»፣ «ይህን መዝግብ» እያለ ይልክለታል። በጣም ቀላሉ ትእዛዝ «ፒንግ» ነው። ማሽኑ በሕይወት ካለ «ፖንግ» ብሎ ይመልሳል።

ይህ ትእዛዝ ከሲ ሲላክ ፋንክሽኑ ሰባት ነገር ይፈልጋል፦ የእናንተን መለያ ቁጥር፣ የሚላክበትን ማሽን ስም፣ የአገልግሎቱን ስም፣ የጥያቄውን ጽሑፍ፣ የጽሑፉን ርዝመት፣ መልሱ የሚቀመጥበትን አድራሻ የሚጽፍበት ቦታ፣ እና የመልሱን ርዝመት የሚጽፍበት ቦታ። ፋንክሽኑ ራሱ የሚመልሰው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። 0 ከሆነ ሰላም ነው፤ ሌላ ቁጥር ከሆነ የስህተት መለያ ነው።

ከፓይተን ሲላክስ? ሦስት ነገር ብቻ፦ የት፣ የትኛው አገልግሎት፣ ምን። የሚመለሰውም ቁጥሩንና ጽሑፉን አብሮ የያዘ አንድ ዕቃ ነው።

አራቱ የት ሄዱ? አስተርጓሚው ውጧቸዋል። መለያ ቁጥሩን ራሱ ያስታውሳል፤ ርዝመቱን ራሱ ይቆጥራል፤ የመልሱን ቦታ ራሱ ያዘጋጃል። የባይንዲንግ ውበቱም አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ተጠቃሚው የማያያቸው አራት ውሳኔዎች አሉ፣ እያንዳንዳቸውም ሊሳሳቱ ይችላሉ።

የስታፍ ሠሪዎች አንድ ብልህ ነገር አድርገዋል ብዬ አምናለሁ። ሁሉም ትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ከሲ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚሻገሩት ዋና ፋንክሽኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ መመዝገብ፣ መላክ፣ መልስ የተቀመጠበትን ሜሞሪ መልቀቅ፣ ምዝገባ መሰረዝ። በር ሲያንስ ዘበኛም ይቀላል። ለጃቫ፣ ለፐርል፣ ለፓይተን፣ ለቲክል ሁሉ ባይንዲንግ ሊኖረው የቻለው አንድም ለዚህ ይመስለኛል። ዋጋው ደግሞ አለ። በጽሑፍ የተሰጠ ትእዛዝ ውስጥ አንድ ፊደል ቢሳሳት ኮምፓይለር አያያችሁም፤ የምታውቁት ሲሄድ ነው።

ሰላም ስንት ነው?

«ሰላም» ስንት ፊደል ነው? ሦስት፤ ሰ፣ ላ፣ ም። ፓይተንም ብትጠይቁት ሦስት ይላል። ሲን ብትጠይቁት ግን ዘጠኝ ሊላችሁ ይችላል።

ሁለቱም አልተሳሳቱም። ፓይተን የሚቆጥረው ፊደል ነው። ሲ የሚያውቀው ባይት ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገቡ እያንዳንዳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ቁጥሩን ወደ ባይት ከሚቀይሩት ስልቶች ዋነኛው ዩቲኤፍ 8 ነው። በዚህ ስልት የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛዎቹ ሦስት ሦስት ይይዛሉ። ለምሳሌ «ሰ» 225፣ 136፣ 176 የሚባሉ ሦስት ባይቶች ናት።

እንግዲህ ባይንዲንጉን የጻፈው ሰው የጽሑፉን ርዝመት ለሲ ሲሰጥ በፓይተን ቆጥሮ «3» ብሎ ቢያልፍስ? ሲ የተነገረውን ያደርጋል። ሦስት ባይት ያነባል፤ ማለትም «ሰ»ን ብቻ። «ላም» ውጭ ቀረች።

ይህ ስህተት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ፈጽሞ አይታይም። «ሄሎ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ አምስት ፊደልም አምስት ባይትም ነውና። ባይንዲንጉ ለዓመታት ያለ ችግር ሊሠራ ይችላል፤ አንድ ቀን አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ስሙን በአማርኛ እስኪጽፍበት ድረስ። በነገራችን ላይ፣ ይህ ለእናንተ ጥቅም አለው። አማርኛ የሚጽፍ ሰው በተፈጥሮው ጥሩ ፈታሽ ነው። የውጭ ሰዎች ፈልገው የሚያመጡት የፍተሻ ጽሑፍ እናንተ ኪቦርድ ላይ በየቀኑ አለ።

ሳህኑ የማነው?

ጎረቤት በሳህን ምግብ ቢልክላችሁ ምግቡን ወደ ራሳችሁ ዕቃ ትገለብጣላችሁ፣ ሳህኑን አጥባችሁ ለባለቤቱ ትመልሳላችሁ። የማይታጠፍ ሕግ ነው።

ሲ ውስጥ ሜሞሪም እንዲሁ ነው። ስታፍ መልስ ሲልክ መልሱን የሚያስቀምጥበትን ሜሞሪ ራሱ ይወስዳል፤ አድራሻውን ይሰጣችኋል። አንብባችሁ ስትጨርሱ በስታፍ በራሱ የመልቀቂያ ፋንክሽን መመለስ አለባችሁ። በሌላ መንገድ መልቀቅ ሳህኑን ሌላ ጎረቤት ቤት እንደ መመለስ ነው። ሁለቱ ቤቶች ዕቃቸውን የሚያስቀምጡበት መደርደሪያ የተለያየ ሊሆን ይችላል።

ፓይተን የሚጽፍ ሰው ግን ይህን ሕግ አያውቀውም። አያስፈልገውምም፤ ፓይተን ለእያንዳንዱ ዕቃ «ስንት ሰው ይዞኛል?» የሚል ቆጣሪ አለው። ቆጣሪው ዜሮ ሲደርስ ዕቃው ይጣላል። ስለዚህ የሳህኑ ነገር ሙሉ በሙሉ የአስተርጓሚው ኃላፊነት ነው። መልሱን ወደ ፓይተን ጽሑፍ ይገለብጣል፣ ከዚያ የሲውን ሜሞሪ ይመልሳል። ቅደም ተከተሉ ይህ ብቻ ነው። መጀመሪያ መልሶ ከዚያ ልገልብጥ ቢል ባዶ ቦታ ላይ ያለ ቆሻሻ ያነባል። አንዳንዴ ደግሞ ትክክለኛውን ጽሑፍ ያገኛል፤ ገና ሌላ ሰው ስላልጻፈበት። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ በእናንተ ኮምፒውተር ይሠራል፣ በጓደኛችሁ ኮምፒውተር ይበላሻል።

መመለሱን ቢረሳስ? ሂሳቡን ሥሩት። እያንዳንዱ መልስ 2,000 ባይት ቢሆንና በሰከንድ 500 መልስ ቢመጣ፣ በየሰከንዱ 1,000,000 ባይት ይጠፋል። በሰዓት 3.6 ጊጋባይት። ስምንት ሰዓት ስትተኙ 28.8 ጊጋባይት። ኮምፒውተሩ እስከዚያ አይቆይላችሁም፤ ሌሊት ላይ ፕሮግራሙን ይገድለዋል። ጠዋት ላይ «እየተፈተሸ ያለው ፕሮግራም ሜሞሪ ያፈሳል» ተብሎ ንጹሑ ይወነጀላል። አፍሳሹ ግን ፈታሹ ነበር።

ቆጣሪውንም ባይንዲንጉ በእጁ የሚነካበት ጊዜ አለ። የፓይተንን ዕቃ ከሲ ውስጥ ሲይዝ ቆጣሪውን ከፍ፣ ሲለቅ ዝቅ ማድረግ አለበት። ዝቅ ማድረጉን ከረሳ ዕቃው ዘላለም ይኖራል። ሁለቴ ዝቅ ካደረገ ደግሞ ዕቃው ሰው እጅ ላይ እያለ ይሞታል። ያኔ የምታዩት የተለመደውን የፓይተን ስህተት አይደለም። ፓይተን ራሱ ጠቅላላ ይወድቃል፤ «ሴግመንቴሽን ፎልት» የሚል አንድ መስመር ትቶ። ከ200 ፍተሻ በ37ኛው ላይ ቢወድቅ የቀሩት 163 አልተነኩም ማለት ነው። ቼክ የተባለው የሲ የፍተሻ ማዕቀፍ ለዚህ ሲል እያንዳንዱን ፍተሻ በተለየ ሂደት ውስጥ ማስኬድ ይችላል፤ አንዱ ቢወድቅ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ስታፍም ዋናውን ሥራ ስታፍፕሮክ ለተባለው ለብቻው ለቆመ ሂደት በመስጠቱ ፓይተን ቤት ውስጥ የሚገባው የሲ ኮድ ትንሽ ነው።

0 ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እኔን ብትጠይቁኝ ባይንዲንግ ውስጥ ካሉት ስህተቶች ሁሉ አደገኛው ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ምንም ድምፅ የለውም።

ሲ ውስጥ «ችግር ተፈጠረ» ብሎ የሚጮህ ዘዴ የለም። ፋንክሽኑ ቁጥር ይመልሳል፤ 0 ካልሆነ ችግር አለ ማለት ነው። ቁጥሩን ያለማየት መብታችሁ ነው። ፓይተን በተቃራኒው ኤክሴፕሽን አለው። አንድ ነገር ሲበላሽ ካልያዛችሁት በስተቀር ፕሮግራሙን ያቆመዋል። ሲ ዝምተኛ ነው፣ ፓይተን ጯሂ። ታዲያ አስተርጓሚው የዝምተኛውን ቁጥር እንዴት አድርጎ ያስተላልፍ?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከ0 የተለየ ቁጥር በመጣ ቁጥር ኤክሴፕሽን ማስነሣት ነው። ሁለተኛው ቁጥሩን እንዳለ ለተጠቃሚው መስጠት ነው። የስታፍ የፓይተን ባይንዲንግ ሁለቱንም ይጠቀማል። ምዝገባው ካልተሳካ፣ ለምሳሌ ስታፍፕሮክ ካልተነሣ፣ ኤክሴፕሽን ያስነሣል። ትእዛዝ ስትልኩ ግን ቁጥርና ጽሑፍ የያዘውን ዕቃ ይሰጣችኋል፤ ቁጥሩን ማየት የእናንተ ፋንታ ነው። ምክንያት አለው። ፍተሻ ውስጥ ስህተት የሚጠበቅ ነገር ሊሆን ይችላል። «የሌለ ፋይል ስጠይቅ ስህተት ይመለስልኝ» የሚል ፍተሻ ሲጻፍ የስህተቱ ቁጥር ራሱ ትክክለኛው መልስ ነው።

ወጥመዱን ግን ተመልከቱ። ፓይተን ውስጥ 0 እንደ ሐሰት፣ ሌላ ቁጥር ሁሉ እንደ እውነት ይቆጠራል። ሲ 0ን «ተሳካ» ይላል፤ ፓይተን «ሐሰት» ይላል። አንድ ልጅ «ቁጥሩ እውነት ከሆነ አልፏል» ብሎ ቢጽፍ፣ የተሳካውን ወድቋል፣ የወደቀውን አልፏል ይለዋል። ይህኛው እንኳ ቶሎ ይታወቃል፤ ሁሉ ነገር ተገልብጦ ይታያላ።

የማይታወቀው ሌላኛው ነው። ቁጥሩን ሳያወጣ ዕቃውን በሙሉ «እውነት መሆኑን አረጋግጥ» ብሎ ቢጽፍስ? ፓይተን ውስጥ ማንኛውም ዕቃ በተለየ ሁኔታ «ሐሰት ነኝ» እንዲል ካልተደረገ በስተቀር እውነት ነው። ውስጡ የተሸከመው የስህተት ቁጥር ምንም ይሁን ምን! ማሽኑ ጠፍቶ ይሆናል፣ አገልግሎቱ ላይኖር ይችላል፤ ፍተሻው ግን ያልፋል። ዛሬም፣ ነገም፣ በሚመጣው ዓመትም። ባይንዲንግ የሚጽፍ ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። የውጤቱ ዕቃ «እውነት ነህ?» ሲባል የስህተት ቁጥሩን አይቶ እንዲመልስ ማድረግ ሁለት መስመር ኮድ ነው።

ነገሩ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲሄድ ደግሞ ይብሳል። አንዳንድ ማዕቀፍ ሲ ሆኖ የእናንተን የፓይተን ፋንክሽን ይጠራል፦ «ፍተሻ ቁጥር 5፣ ተራህ ነው፣ ሂድ»። ይህ ኮልባክ ይባላል። ፋንክሽናችሁ ውስጥ ማረጋገጫው ወደቀና ኤክሴፕሽን ተነሣ እንበል። ኤክሴፕሽኑ ወዴት ይሂድ? የጠራው ሲ ነው፤ ሲ ኤክሴፕሽን የሚባል ነገር አያውቅም። ሲኤፍኤፍአይ የተባለው ታዋቂ የፓይተን ማገናኛ በዚህ ጊዜ የሚያደርገውን ስሙ፦ የስህተቱን ዝርዝር ስክሪን ላይ ያትማል፣ ለሲ ደግሞ ሌላ ካልተነገረው በቀር 0 ይመልሳል።

0! ሲ ይህን ቁጥር ሲያይ ምን ብሎ ይረዳዋል? «ተሳክቷል።» ፍተሻው ወድቆ ጮኸ፤ አስተርጓሚው ጩኸቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ለዳኛው «ሁሉም ሰላም ነው» አለው። የስህተቱ ዝርዝር በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮች መሐል ታትሟል፤ ማን ያነበዋል?

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሲኤፍኤፍአይ «ስህተት ከተነሣ ይህን ቁጥር መልስ» ተብሎ ሊነገረው ይችላል፤ 1 ሲቀነስ፣ ማለትም አሉታዊ አንድ፣ የተለመደ ምርጫ ነው። ጥሩ ባይንዲንግ ደግሞ አንድ እርምጃ ይጨምራል። ኤክሴፕሽኑን ኪሱ ውስጥ ይይዘዋል፤ ከሲ ወደ ፓይተን ሲመለስ እንደገና ያስነሣዋል። ጩኸቱ በሲ ምድር ላይ ታፍኖ አልፎ በፓይተን ምድር ይሰማል።

ሲጠብቁ ማስጠበቅ

ስለ ጊዜ አጭር ነገር ልበል። ፓይተን ውስጥ ጂአይኤል የሚባል አንድ ቁልፍ አለ። ፕሮግራማችሁ ብዙ ትሬዶች፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ ክሮች፣ ቢኖሩትም በአንድ ጊዜ የፓይተን ኮድ ማስኬድ የሚችለው ቁልፉን የያዘው ብቻ ነው። (እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፓይተን 3.13 ይህ ቁልፍ የሌለበትን ዓይነት ለሙከራ አቅርቧል፤ የተለመደው ግን ገና ባለቁልፉ ነው።)

ስታፍን «ያን ፕሮግራም አስጀምርና እስኪያልቅ ጠብቅ» ስትሉት አሥር ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ባይንዲንጉ ወደ ሲ ከመግባቱ በፊት ቁልፉን መልቀቅ፣ ሲወጣ መልሶ መያዝ አለበት። ከረሳ አሥሩን ደቂቃ ሙሉ ሌሎቹ ትሬዶች ደርቀው ይቆማሉ። ከእነሱ አንዱ ደግሞ «ከአምስት ደቂቃ በላይ ከፈጀ አቁመው» ብላችሁ ያቆማችሁት ዘበኛ ነው። ዘበኛው ቁልፍ ስለሌለው ሰዓቱን ማየት አይችልም። ተሰቅሎ የቀረን ፕሮግራም እንዲይዝ የተቀመጠው ዘበኛ አብሮ ይሰቀላል።

ማሽን ይጽፈዋል?

ይህን ሁሉ በእጅ መጻፍ ያደክማል። ዴቪድ ቢዝሊም ያሰበው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላብራቶሪ፣ የሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ ለሚያሰሉ የሲ ፕሮግራሞች የስክሪፕት በር ለመክፈት ስዊግ የተባለ መሣሪያ መሥራት ጀመረ። ስዊግ የሲውን የፋንክሽኖች ዝርዝር ያነብና ባይንዲንጉን ራሱ ይጽፋል፤ ለፓይተን፣ ለፐርል፣ ለቲክል፣ ለሌሎችም።

ይሁን እንጂ ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ ነገር አለ። «የጽሑፍ አድራሻ» የሚል ብቻ ሲያይ፣ ጽሑፉ ገቢ ይሁን ወጪ፣ ሳህኑ የማን እንደሆነ፣ በየትኛው ፋንክሽን እንደሚለቀቅ፣ 0 ማለት ደግ ይሁን ክፉ ስዊግ ሊያውቅ አይችልም። የሲ ቋንቋ ራሱ እነዚህን የሚጽፍበት ቦታ የለውም። መመሪያውን አንብቦ ለስዊግ መንገር የሰው ሥራ ነው።

ከፓይተን 2.5 ጀምሮ አብሮ የሚመጣው ሲታይፕስም እንዲሁ ነው። ኮምፓይል ሳታደርጉ የሲን ላይብረሪ ከፓይተን በቀጥታ እንድትጠሩ ያስችላችኋል፤ ለጀማሪ ደስ ይላል። ግን ካልነገራችሁት እያንዳንዱ የሲ ፋንክሽን ተራ ቁጥር ይመልሳል ብሎ ይገምታል። በዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች ተራ ቁጥር አራት ባይት ነው፤ የሜሞሪ አድራሻ ስምንት። አድራሻ የሚመልስ ፋንክሽን ከጠራችሁ ግማሹ ተቆርጦ ይደርሳችኋል። የተቆረጠው ክፍል ዜሮ ከነበረ ይሠራል፤ ካልነበረ ይወድቃል።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ባይንዲንግን በሁለት ንብርብር ይሠሩታል። ከታች ሲን እንዳለ የሚያሳይ ቀጭን ንብርብር፣ ከላይ ለፓይተን ሰው የሚመች። የስታፍም እንዲሁ ነው፤ አንድ የተጠናቀረ ሞጁል አለ፣ በላዩ ደግሞ በፓይተን የተጻፈ ፋይል አለ። ውሳኔዎቹ ብዙዎቹ ከላይ ስለሚቀመጡ ማንበብም ማረምም ይቀላል።

አስተርጓሚውን ስትፈትሹ ደግሞ መጀመሪያ የምትጽፉት የሚያልፍ ፍተሻ አይሁን። እንዲወድቅ ተደርጎ የተሠራ ጻፉ። ማሽኑን አጥፍታችሁ ፒንግ ላኩ፤ የሌለ አገልግሎት ጥሩ፤ ኮልባክ ውስጥ ሆን ብላችሁ ኤክሴፕሽን አስነሡ። ሁሉም ቀይ መሆን አለባቸው። አንዱ አረንጓዴ ከሆነ ውሸታሙን አገኛችሁት።

ሊኑክስና ፓይተን ያለበት ኮምፒውተር ካገኛችሁ አንዷን አሁኑኑ ሞክሩ። በሲታይፕስ የሲን መደበኛ ላይብረሪ ክፈቱና የጽሑፍ ርዝመት የሚቆጥረውን ስትርሌን የተባለውን ፋንክሽን ጥሩት። «ሰላም»ን ወደ ዩቲኤፍ 8 ባይት ቀይራችሁ ስጡት፤ 9 ይላችኋል። አሁን ሳትቀይሩ እንዳለ ስጡት፤ 2 ይላችኋል። ቀጥሎ «ሀገር»ን ሳትቀይሩ ስጡት። 0!

ሲታይፕስ ያልተቀየረን የፓይተን ጽሑፍ ለሲ ሲሰጥ ሊኑክስ ላይ ለእያንዳንዱ ፊደል አራት ባይት ይመድባል። ስትርሌን ደግሞ ዜሮ የሆነ ባይት ሲያገኝ «ጽሑፉ አለቀ» ብሎ መቁጠር ያቆማል። የ«ሰ» የዩኒኮድ ቁጥር 4656 ነው። 18 ጊዜ 256 ሲደመር 48 ማለት ነው። ዛሬ በብዛት ያሉት ኮምፒውተሮች ትንሹን ባይት ስለሚያስቀድሙ ሜሞሪ ውስጥ 48፣ 18፣ 0፣ 0 ሆኖ ይቀመጣል፤ ሁለት ተቆጥሮ ዜሮ ተገኘ። የ«ሀ» ቁጥር ግን 4608 ነው፤ 18 ጊዜ 256 ልክ። ትንሹ ባይት ዜሮ ነው፣ እሱም ከፊት ይቀመጣል። ለሲ ጽሑፉ ከመጀመሪያውም አልነበረም።